እሺ ያለው ሌላ፣ ጨው የጨመረው ሌላ

በስኳር፣ በደም ግፊት ወይም በልብ ሕመም ክትትል ላይ ላለ ሰው የምግብ ምክር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ማዘዣው ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ተረኛ በሩን ገፋ አድርጎ እያየ ነው። «ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይተዉ፣ ጣፋጭ አይንኩ፣ እንጀራም አያብዙ።» ታካሚው «እሺ ዶክተር» ብለው ይወጣሉ። ከልባቸው ነው እሺ ያሉት። ግን እሺ ያለው ሌላ፣ ጨው የሚጨምረው ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ጭልፋውን የያዙት ባለቤታቸው ናቸው፣ ወይም ልጃቸው፣ ወይም ሠራተኛዋ፤ ቀን ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ምግብ አብሳይ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ገበታ ሲቀርቡ ጨውም ዘይቱም ገብቶ አልቋል። የቀራቸው ምርጫ ትንሽ መጉረስ ወይም ብዙ መጉረስ ብቻ ነው።

የምግብ ጥራት ከታካሚው ፈቃደኝነት በፊት የድስት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው። ክትትል ላይ ያለ ሰው ባለበት ቤት «ምን ይከልከል?» ከሚለው ዝርዝር ይልቅ አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን እንደሚቆይ ማወቁ ይበልጣል።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አምስት አዋቂ ያለበት ቤት በቀን 25 ግራም ይደርሰዋል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው፣ ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚለካው የስቴፕስ ጥናት የኢትዮጵያ አዋቂ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። በዚህ ልክ ያው ኪሎ በ24 ቀን ያልቃል። ጨው ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ መጻፍ፣ ሲያልቅ ደግሞ ቀኑን መቁጠር ነው። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ለበርበሬ ዝግጅት ወይም ለቋንጣ የወጣ ጨው ካለ ለብቻው ይቆጠር እንጂ አይረሳ።

የሚረሳው እሱ ነውና። አብዛኛው ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ወጡ ላይ ሦስት ማንኪያ በርበሬ የጨመረች ሴት ጨው ጨምራለች፣ ነገር ግን ጨው ጨመርኩ ብላ አታስብም። ከዚያ «ጨው ያንሰዋል» ተብሎ ከጨው ዕቃው እንደገና ይጨመራል። የሾርባ ቅመም ኩብም ከክብደቱ ግማሽ አካባቢ ጨው ነው፤ ሁለት ኩብ ጥሎ ጨው አልጨመርኩም ማለት ራስን መሸንገል ነው። ዳቦው፣ ቋንጣው፣ ፈንዲሻው፣ የታሸገው ቲማቲም ሁሉም የየራሳቸውን ያዋጣሉ። መፍትሔው አንድ ነው፦ ለሚቀጥለው በርበሬ ጨው ሳይገባበት ማስፈጨት። ጨዋማነቱ በአንድ ቦታ፣ በድስቱ ላይ ብቻ ሲሆን መለካት ይቻላል። ውጭ አገር ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው እንጀራ ላይ የሚቀላቅለው እርሾ ሳይጨመርበት የሚነሣው የስንዴ ዱቄት ጨውና ሶዲየም ያለበት ማንሻ አስቀድሞ የገባበት ነው። ግፊታቸው አልወርድ ያለ ሰዎች ወጡን ሲመረምሩ ይከርሙና እንጀራውን አይጠረጥሩም።

ዘይትም በዚሁ ዘዴ ይለካል። አምስት ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው በ30 ቀን ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ደርሶታል፤ ወደ 30 ግራም፣ ወደ 270 ካሎሪ። ሦስት ሊትር ቢሆን 20 ሚሊ ሊትር ነው። እኔ መነሻ አድርጌ የምወስደው ይህንን ሦስት ሊትሩን ነው፤ ከዚያ በታች ካልለመዱበት ወጡ ወጥ አይመስልም፣ ቤተሰቡም ያኮርፋል። የዘይቱ ዓይነት ሁለተኛ ጥያቄ ነው፣ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። በሸማቾች ማኅበር ሲታደል የኖረውና ብርድ ሲመታው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ያህል የሳቹሬትድ ቅባት ነው፤ ክፉውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት። የሱፍና የኑግ ዘይት በዚህ በኩል በብዙ ይሻላሉ። ክብደት መቀነስ ላለበት ሰው ግን ሁሉም ዘይት እኩል ነው፤ አንድ ግራም 9 ካሎሪ። «የሱፍ ነው፣ ችግር የለውም» ተብሎ በጭልፋ የሚፈስ ዘይት ችግር አለው።

አሁን ወደ ድስቱ እንጠጋ። ዘይት ቀንሱ የሚል ምክር የሚከሽፈው ቁሌቱ ላይ ስለሆነ፣ የምስር ወጥን ለአምስት ሰው እንውሰድ። አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደንብ ደቆ ይከተፍና ያለ ምንም ዘይት ደረቅ ድስት ላይ ይገባል፣ እሳቱ መለስ ብሎ። መጀመሪያ የራሱ ውሃ ይወጣል፣ ይመጠጣል፣ ከዚያ ሥር መያዝ ይጀምራል። ሥር ሊይዝ ሲል የሞቀ ውሃ አንድ አንድ ማንኪያ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ሽንኩርቱ መቁላላቱን ትቶ ይቀቀላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሽንኩርቱ ጠይሞ ሲሟሟ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት (ለአንድ ሰው 8 ግራም ገደማ)፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚፈላው። ዘይቱ ጥቂት ስለሆነ በርበሬው ቶሎ ያርርና ይመራል፤ የመረረውን ለማስታገስ ዘይት ይጨመራል፣ ከዚያ ሌላ ዘይት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ የሞቀ ውሃ ጠብ እያሉ ሌላ 15 ደቂቃ መታገሥ ነው መድኃኒቱ።

ሌላም የማይታይ እንቅፋት አለ። የኛ ባለሙያዎች ቁሌት መብሰሉን የሚያውቁት ዘይቱ ከላይ ሲወጣ ነው። ሦስት ማንኪያ ዘይት ግን አይንሳፈፍም። ምልክቱ ስለጠፋባት «አልበሰለም» ብላ ዘይት የምትጨምረው ሴት ግትር ሆና አይደለም፤ የምታየው ነገር አጥታ ነው። ሌላ ምልክት መስጠት ያስፈልጋል፦ ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ሲጎትቱት መንገዱ ወዲያው ካልተደፈነ፣ የሽንኩርቱ ቅርጽ ከጠፋ፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታ ካለቀ፣ በስሏል። ከዚያ የታጠበ 400 ግራም ምስር፣ ውሃ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ከረጋ በኋላ፣ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ለአንድ ሰው አንድ ግራም ማለት ነው። በርበሬው ጨው ካለበት ግማሽ ማንኪያ። ገና ቀጥኖ ሳለ ጨው የቀመሱለት ወጥ ሲወፍር ሁልጊዜ ጨው ይበዛበታል፣ ውሃው ይሄዳል እንጂ ጨው አይተንምና። ከመውጣቱ በፊት መከለሻ ጣል ይደረግበታል። ቅቤ የግድ ነው የሚል ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ መጨረሻ ላይ ጠብ ያድርግ፤ መዓዛው እንዳለ ገበታ ይደርሳል፣ ከመጀመሪያው ቢጠበስ ግን ቅባቱ ብቻ ነው የሚተርፈው።

እንጀራን በተመለከተ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «እንጀራ ተዉ» ይላል፤ ሰሚ የለውም። ሌላው «ጤፍ ለስኳር ጥሩ ነው» ይልና በትሪ ሙሉ ያቀርባል። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ፣ አሰርም ብረትም ስላለው ከነጭ ዱቄት ይሻላል፣ ይህ ልክ ነው። ሆኖም እንጀራ ከክብደቱ በግምት ሲሶው ካርቦሃይድሬት ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ወደ 100 ግራም ይይዛል፤ ሦስት ትንንሽ ዳቦ እንደመብላት ነው። የጥቁርና የነጭ ጤፍ ልዩነት እዚህ ላይ ብዙ የሚያስከራክር አይደለም። የሚያስከራክረው ሌላ ነው፦ ጤፍ ሲወደድ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ የሩዝ ዱቄት ይቀላቀልበታል፣ ሩዙ ደግሞ ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ያው አንድ እንጀራ፣ ያው ሰው፣ የተለያየ የመሣሪያ ቁጥር። የቤት ስኳር መለኪያ (ግሉኮሜትር) ያለው ሰው ከመብላቱ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢለካ የራሱን እንጀራ ያውቀዋል፤ ይህ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ጠዋት ፍርፍር በእንጀራ የምንበላ ሕዝብ መሆናችንን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እንጀራ በእንጀራ። ስኳር ላለበት ሰው ቁርስ ላይ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ቢፈቀድልኝ እሱን ነው የምለውጠው፦ በባቄላና በስንዴ ንፍሮ፣ ባቄላው እንዲያመዝን አድርጎ፣ ወይም ዘይቱ ቀንሶ በቀረበ ፉል። ሙሉው ጥራጥሬ ከሽሮ ዱቄቱ ይልቅ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው።

ትሪው ራሱ የመለኪያ ጠላት ነው። አራት ሰው ከአንድ ገበታ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ ማንም አያውቅም፤ ጉርሻው ሲጨመርበት ጭራሽ። የአመጋገብ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች «ትናንት ምን በሉ?» ብለው ሲጠይቁ የሚቸገሩትም እዚሁ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጥናት መጠኑን ይተውና የምግብ ስብጥርን ይቆጥራል፤ እህል አንድ፣ ጥራጥሬ አንድ፣ አረንጓዴ ቅጠል አንድ እያለ። ቆጠራው ለምግብ እጥረት ጥሩ መሣሪያ ነው። ግፊት ላለበት ሰው ግን ዓይኑ ጨፍኗል፦ ጨዉን፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን አይቆጥርም። ክትፎውም ነጥብ ያስገኛል። ረቡዕ የበላውን የተጠየቀና እሑድ የበላውን የተጠየቀ ሰው ደግሞ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል። ቤት ውስጥ የሚሻለው ለታካሚው የራሱ ሳህን ነው። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ምስር ወይም ሽሮ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ ተጠቅልሎ የቀረበ እንጀራ። ወጡ እንጀራው ላይ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ይፍሰስ። ከሥር የተነጠፈውና ሲጠጣ የቆየው እንጀራ፣ ሁላችንም ለመጨረሻ የምናቆየው፣ ዘይቱም ጨዉም የተጠራቀመበት እሱ ነው። «ለብቻዬ ለምን?» ብለው የሚከፉ አባት ካሉ ሁሉም ሰው በየሳህኑ ይብላ።

አትክልት ላይ አጭር ልሁን። የሚመከረው አትክልትና ፍራፍሬ ተደምሮ በቀን 400 ግራም ነው፤ በስቴፕስ ጥናት ከመቶው 98 ያህሉ አልደረሰበትም። ፍራፍሬ ውድ ነው፣ እውነት ነው፤ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ግን የተሻለ ዋጋ አላቸው። በበያይነቱ ላይ ዳር የምትቀመጠዋ አንድ ማንኪያ ጎመን ግን 30 ግራም ብትሆን ነው። መሃል ላይ ትምጣ። ሎሚ ቢጨመቅባት ጨው የመፈለግ ነገር ይቀንሳል። ጁስ ፍራፍሬ አይደለም፤ ስፕሪስ ስኳር ባይጨመርበት እንኳ የሦስት ሰው ፍራፍሬ በአንድ ብርጭቆ ነው። ለስላሳ መጠጥም በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙሱ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ደግሞ 48 ግራም ደርሷል፣ ለስላሳ ሳይቀምስ። የቡና ቁርሱ፣ ዳቦውና ቆሎው፣ «ምግብ» ተብሎ ስለማይጠራ ማንም አይቆጥረውም።

አሁን ጾም። ብዙ የሚሳሳቱበት ቦታ ነው፣ ያውም በሁለት በኩል። በአንድ በኩል ጾም ስለሆነ ቅባት የለም ይባላል፤ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ የተጠበሰ ድንችና በዘይት የዋኘ ሽሮ እየተበላ። ቅቤና ሥጋ ቀርቷል እንጂ ቅባት አልቀረም። በሌላ በኩል መድኃኒቱ አለ። ኤንፒኤች የሚባለው የስኳር መርፌ (ኢንሱሊን) ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ኃይሉ የሚበረታው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ድረስ መርፌው ጉልበት ላይ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ ባዶ ሆዱን ከዚያ ጋር ይጋፈጣል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድም እንዲሁ፤ ኪኒኑ ምግብ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠይቅም፣ ውጤቱም እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሌላው የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። በረመዳን ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ቀኑን ሙሉ ውሃም ስለሌለ የሚያሸና የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊደርቅ ይችላል። ንግግሩ መደረግ ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሐኪሙ ጋር ነው፤ የመርፌው ልክና ሰዓት የሚቀየረው በሱ ትእዛዝ እንጂ በጎረቤት ምክር አይደለም። የንስሐ አባትም ኢማምም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ጠይቋቸው።

ስኳር ከልክ በታች የመውረድ ምልክት የሆኑት ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ የንግግር መደናገር ከመጣ፣ ወይም የስኳሩ ቁጥር ከ70 በታች ከሆነ፣ ጾሙ እዚያው ያበቃል። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፤ ካልተነሣ መድገም፤ ሲስተካከል ምግብ መብላት። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ከጾም ጋር የተያያዙ፣ ግን የማይነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደና ዓመቱን ሙሉ በጥብቅ የሚጾም ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ይችላል፤ መድኃኒቱ ይቀንሰዋል፣ ጾሙ ደግሞ ምንጩን ይዘጋል። የእግር መደንዘዙ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በደም ምርመራ የሚለይ፣ የሚታከም ነገር ነውና ጠይቁ። ሁለተኛው የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሞላበት ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን በየቀኑ ይበላል፣ የደሙን መቅጠን የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር (አይኤንአር) ይወርዳል፣ መጠኑ ይጨመራል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ድንገት ይቀርና መድኃኒቱ ይበረታል፤ መድማት ይመጣል። ጎመን አይከልከል፤ ጾምም ሆነ ፍስክ በሳምንት ያው መጠን ይሁን። ልቡ የደከመ ሰው ለፋሲካ ሌላ ጥንቃቄ አለው፦ ዶሮ ወጡና ክትፎው ከነጨዋቸው በሁለት ቀን ውኃ ያስይዛሉ። በየጠዋቱ መመዘን ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ ምግብ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር።

ኩላሊቱ ለተነካ ሰው ይህ ሁሉ እንደገና ይከለሳል፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንችና ጥራጥሬው ሳይቀር እንደ ደሙ ውጤት በልክ ይሆናል። ከውጭ የሚላከው «ሶዲየሙ የቀነሰ» ጨው ብዙውን ጊዜ ሶዲየሙን የተካው ፖታሲየም ነው። ለግፊትና ለልብ የሚሰጡትን ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ፣ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሳይጠይቅ ቢጠቀመው ልብን የሚያቆም አደጋ አለው።

የቀረው ቀጠሮው ነው። ቀጠሮ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀር እንጀራው ይቀንሳል፣ ሻዩ መራራ ይሆናል፣ በዕለቱም ባዶ ሆድ ስኳሩ 120 ይሆናል። ሐኪሙ «ጎበዝ!» ይላል፤ መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥላል፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ሲሠራ ግን 9 ይወጣል። የሚጎዳው መድኃኒቱ መጨመር ሲገባው ያልተጨመረለት ሰው ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት እንደ ወትሮው ይበላ። ለባዶ ሆድ ምርመራ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይበቃል። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ጠዋት መርፌውንም ግሊቤንክላማይዱንም ሳይወስዱ፣ ከነምሳ ዕቃቸው ይዘው መሄድ፣ ደም ከተሰጠ በኋላ ወስዶ መብላት። የግፊቱን ኪኒን ግን በውሃ መዋጥ ምርመራውን አያበላሽም፤ እሱን አስቀርቶ የሄደ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኝና ያላስፈለገው መድኃኒት ይጨመርለታል። ቡናውም ግፊቱ ከመለካቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከተቻለ ደግሞ ጭልፋውን የያዘችው ሰው አብራ ትግባ፤ የጨው ላስቲኩን ቀን የምታውቀው እሷ ናት።